የፍልሰታው ውዝፍ ክኒን

ምነው ዝም አለ ይሄ ሐኪም፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ እምዬ ደረት ላይ ተደፍቶ ቀረ፣ እኔም ረዳቱ የአዘዞ ዳገት ላይ ማኪናዋ ስታስነጥስ እንዲህ ነው ጆሮዬን የምጥል፣ ግን ወዲያው እናገራለሁ፣ አያ ሐብተ ማርያም አቁም እላለሁ፣ ሾፌሩ ያቆማል፣ በቃ። ሐኪሙ አይናገርም። ፈረንጅ ነው፣ ቢናገርም በሐኪም ረዳቱ በድሬሰር አድማሴ አፍ ነው።

ዛሬ ወይ ቤት ወይ እዚሁ አልጋ ላይ። ጳጉሜ ገብቷል፣ ዘመን መለወጫን ሆስፒታል ውስጥ፣ አይ፣ አላስበውም።

የልቧ በር አይገጥምም ብሎኛል አድማሴ አምና፣ ልጅ ሳለች ያመማት ጉሮሮና የጉልበት ቁርጥማት ነው ያበላሸው፣ ደሙ ወደፊት ሲገፋ ባልተዘጋው በር ወደኋላ ይመለሳል፣ ገባኝ፣ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ብጥለውም በር አውቃለሁ፣ የኛ ማኪና በር በገመድ ታስሮ አይደል ጠዳ የሚደርሰው፣ ታዲያ በገመድ እሰሩላታ አልኩት፣ አትቀልድ አንተ አለኝ፣ ባሕር ማዶ ደረት ከፍተው መጠገን ጀምረዋል፣ ሐኪሙ በመጽሔት አንብቧል፣ እስከዚያው መርፌው በየወሩ፣ ክኒኑ ጠዋት ጠዋት አንድ፣ መጀመሪያ የእጇን ትርታ ቁጠሩ፣ ከስልሳ ካነሰ እንዳትውጥ፣ ያለፋትን ደርባ እንዳትውጥ፣ ሕግ ነው አንተ ዳኛው፣ አለኝ። ሕግ ነው ጌታዬ።

ሕግማ ሕግ ነው፣ ግን ፍልሰታ ገባ። ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ በአፏ የማይዞር ሴት በጠዋት ክኒን ልትውጥ? ከቅዳሴ በኋላ ዋጪው ቢሏት የጠዋት መድኃኒት በሠርክ አይሆንም ብላ እያንዳንዱን መቀነቷ ጫፍ ቋጠረች፣ አንድ አልጣለችም፣ ጾሙ ሲፈታ የሱባኤውን ክኒን ሁሉ በአንድ ዋንጫ ጠላ አወራረደችው። ውዝፍ ነዋ። ስግደት ቢወዘፍ ይሰገድ የለ?

እኔ ከእንፍራንዝ ስገባ ደጅ ተቀምጣለች፣ ሸሚዝህን ማን ቀባልህ ልጄ፣ ቢጫ ሆነሃል፣ ነጠላዬም፣ ግድግዳውም፣ እመቤታችን ዓለሙን በወርቅ ለበጠችልኝ፣ ፈገግ አለች፣ አስመለሳት፣ እጇን ብይዝ ትርታዋ አንዴ ይመታል ያርፋል፣ ዳገት ላይ እንደ ለገመች በቅሎ፣ ጎረቤቱ ራእይ ነው ይላል፣ ራእይም ከሆነ ሆስፒታል ሄዶ ይታይ ብዬ ተሸከምኳት። መድኃኒቱ ሲበዛ ዓለም ቢጫ ይሆናል አለ አድማሴ፣ ልብም ይለግማል፣ ያኔ ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም።

የንስሐ አባቷ አባ ወልደ ገብርኤል ግን ሆስፒታል ድረስ መጥተው በክርስትና ስሟ ጠሯት፣ አንቺ ወለተ ሩፋኤል፣ ድውይ ጹሚ ያለሽ ማነው፣ ከእንግዲህ ክኒኑን በጠዋት ካልዋጥሽ ገዝቼሻለሁ፣ የቀረብሽን ስግደት እኔ እሰግደዋለሁ፣ በዚህ ጉልበትዎ አባቴ? በዚሁ ጉልበቴ። እሺ አለች። ለሐኪሙ እንኳ እንዲህ እሺ ብላ አታውቅም።

ቀና አለ። ቀና አለ ሐኪሙ፣ ከሳህኑ ጥጥ አንስቶ ዓይኗ ፊት ያዘው፣ አድማሴ ምንድን ነው ይላል፣ ጥጥ ትላለች፣ ቀለሙስ፣ ነጭ ነዋ፣ ምነው እሱ አገር ጥጥ የለም እንዴ? አድማሴ እያስተረጎመ ይስቃል፣ ፈረንጁ ይስቃል፣ እኔ ከደስታ ጥርሴ አልገጥም አለ እንደዚያች በር፣ ትርታዋ ሸጋ ነው፣ ቤት ግቡ፣ ያቋረጠውን ክኒን በቀጠሮዋ ሲያያት እንደገና ይጀምርላታል፣ ሕጉ ያው ነው፣ ያው ነው ጌታዬ፣ ያው ነው፣ አቅፌያት ወጣሁ፣

ጋቢና ውስጥ ከአያ ሐብተ ማርያም ጎን አስቀመጥኳት፣ አራዳን አለፍን፣ ቁልቁል ወረድን፣ ዳኛው፣ ትላለች፣ ያ ዳገት ቢጫ ሆኗል።

እጇን ያዝኩ፣ አያ ሰዓትህን አምጣ፣ ለምኑ፣ አምጣ ብቻ፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ ዳገቱን ለማየት ፈራሁ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አየሁት፣ ቢጫ ነው። ለእኔም ቢጫ ነው። አያ ለአንተስ? አደይ አበባ ምን ሊሆን ኖሯል ይላል፣ ነጭ ነው ልበልህ? እምዬ በነጭ ነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች፣ እጇን ግን አልነጠቀችኝም፣ ቁጠር ልጄ ቁጠር፣ አርባ፣ ሃምሳ፣ ስልሳን አለፈች፣ ደቂቃው ገና ነው፣ ከዚህ ወዲያ መቁጠር አያሻም፣ እቆጥራለሁ፣ ስልሳ አምስት፣ ስልሳ ስድስት፣