የድርቤ እጅና የፋብሪካው ሰሌዳ

ድርቤ ፋብሪካን ጠልታ አታውቅም፤ ያስጠላት ነብዩ ስለ ፋብሪካ ሲያወራ ፊቱን የሚሞላው ፈገግታ ነው። ነቀምቴ፣ በበከኒሳ ቀሴ ሰፈር ባለችው ጠባብ ወርክሾፓቸው ሁለቱ ሽርካዎች የበቆሎ እርጥበት መለኪያ ይሠራሉ። በቆሎ በደንብ ሳይደርቅ መጋዘን ከገባ ይሻግታል፤ መለኪያው ግን እርጥበቱን በቁጥር ይናገራል። አንጎሉ የሆነችው ቺፕ ከውጭ ተገዝታ ትመጣለች። ቺፗ የምትቀመጥበትን የመዳብ ሰሌዳ ግን ድርቤ ስምንት ዓመት ሙሉ በእጇ ስላ፣ በአሲድ አጥባ ስትሠራ ኖራለች።

"እታለም፣" ይላታል ነብዩ፣ "ትልልቆቹ የቺፕ ኩባንያዎች እንኳ ንድፉን ብቻ ይሠሩና ማምረቱን ለሌላ ፋብሪካ ይሰጣሉ። እኛ ከነሱ በልጠን ነው?"

"ራሳቸው የሚያመርቱም አሉ። ስለነሱስ ለምን አታወራም?"

ክርክሩ እንዲህ ሲጎተት ከረመ። የጉቴ ገበሬዎች ማኅበር ስድሳ መለኪያ በአንድ ጊዜ ሲያዝ ግን ድርቤ ተረታች። በእጅ በሳምንት አሥር ሰሌዳ ቢሠራ ነው፤ በቆሎው ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ነብዩ ሥዕሏን መስመር በመስመር ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ ቻይና ላከው። ድርቤ ግን በልቧ ፈርታለች። ሰሌዳው ከውጭ ከመጣ እሷ እዚህ ቤት ምን ልትሠራ ነው?

ሰሌዳዎቹ መጡ። አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ስድሳውም አንድ ዓይነት። ነብዩ እንደ ሙሽራ አባት እየተንጎራደደ የመጀመሪያውን ገጣጠመና በቆሎ ጨመረበት። መለኪያው ዜሮ አለ። ሁለተኛውም ዜሮ። አምስተኛውም ያው ዜሮ።

ማስረከቢያው ከነገ ወዲያ ነው። ነብዩ ፋብሪካውን ረገመ፣ ቺፗን ረገመ፣ በቆሎውንም ሳይቀር ረገመ። ድርቤ ውስጧን ትንሽ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ በራሷ አፈረች። የጉቴ ሰዎች እሷን አምነው ነው ያዘዙት።

"ቆይ፣ አንድ በእጄ ልሥራና እናስተያየው" ብላ ተቀመጠች። ሳለች፣ አጠበች፣ አደረቀች። አጠገቧ ቆሞ ሲያይ የነበረው ነብዩ ድንገት ጮኸ።

"ምን አደረግሽ?"

"ምን አደረግሁ?"

"በምላጩ! አሁን የሆነ ነገር ቆረጥሽ!"

ድርቤ እጇን አየችው። እውነትም ምላጭ ይዟል። ስትስል እስክሪብቶዋን ማንሳት ስለማትወድ ሁለት መስመሮችን አገናኝታ ታልፋለች፤ ሰሌዳው ሲደርቅ ደግሞ በምላጭ ትለያያቸዋለች። ስምንት ዓመት እንዲህ ስታደርግ ሥዕሉ ላይ አንድም ቀን ምልክት አላደረገችም፤ ማድረጓንም ረስታዋለች። ምስኪን ፋብሪካ! የተሰጠውን ሥዕል ቅንጣት ሳያዛንፍ ነው የሠራው።

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ምላጭ ተካፈሉና ምሳ ሳይደርስ ስድሳውንም ሰሌዳ ቆርጠው ጨረሱ። በማግስቱ ሁሉም ተገጣጥሞ አለቀ።

ጉቴ ላይ የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ገመቺስ አንድ እፍኝ በቆሎ ጨመሩና ከፍ ያለውን የእርጥበት ቁጥር ጮክ ብለው አነበቡ። "ገለቶማ፣ እናመሰግናለን አዴ ድርቤ! ይሄ በቆሎ ደረቅ ነው ብሎ የማለልኝ ሰው አለ። አሁን ይምጣና ያናግረኝ!" መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ነብዩ፣ "እታለም፣ አንቺ ልክ ነበርሽ። ከእንግዲህ ሁሉንም እዚሁ እንሥራ" አላት።

ይህን ቃል ስንት ወር ጠብቃዋለች። አሁን ሲመጣ ግን ስድሳዎቹ ሰሌዳዎች እንዴት እንዳማሩ ነው የታያት።

"የለም፣" አለችው፣ "ያቺን መስመር ሥዕሉ ላይ ቁረጣትና መልሰህ ላክላቸው። እነሱ ከኔ ይፈጥናሉ።"

"አንቺስ?"

"ኦቦ ገመቺስ ለቡና የሚሆንም እንፈልጋለን ብለዋል። እሱ ገና አልተሳለም፤ ማንም ፋብሪካ ሊሠራው አይችልም። እኔ እስለዋለሁ። አንተ ግን ስሠራ አጠገቤ ተቀመጥና እጄን እየው። እጄ የሚያውቀውን እኔ አላውቀውም።"