ባዶ ናት

ባሌ ጀልባ ከመሥራቱ በፊት በር ነበር የሚሠራው። የበር አናጺ ስለሆነ የደረሰበትን ሁሉ ያንኳኳል፤ ጠረጴዛ፣ ግድግዳ፣ ሐብሐብ፣ አንዳንዴም የእኔን ግንባር። “ድምፁ ሁሉን ይናገራል” ባይ ነው። ለእኔ እስካሁን ራስ ምታት እንጂ ሌላ የተናገረኝ ነገር የለም። ያም ሆኖ የዚያ ሰሞን ችግራችን ሁሉ የመጣው ከዚሁ ማንኳኳቱ ነው።

ከሐይቁ ማዶ ቤት አግኝተን ነበር። ከፊቱ ለእሱ የአናጺ ጠረጴዛና ለእኔ የስፌት መኪና የሚበቃ ሰፊ ክፍል አለው፤ ከኋላው ደግሞ ሁለት መኝታ። ባለቤቱ ዓሣ አጥማጅ ስለሆነ ጀልባ ሥራልኝና ግባበት አለው። ባሌም በሮቹን ሁሉ ትቶ ወራት ሙሉ ከጀልባ ጋር ታገለ። የመኪናው መንገድ በናዳ ተቆርጧል፤ ስለዚህ ጀልባዋን ስናስረክብ እኛንም ዕቃችንንም ይዛ ትሻገር ተባለ። አንድ ጊዜ ብቻ። ዓሣ አጥማጁ እጁ ከገባች በኋላ ለግማሽ ቀን እንኳ እንደማያውሰን ቁርጡን ነግሮናል።

ያን ሰሞን ሁላችንም በግማሽ እንቅልፍ ነበር የምንኖረው። ጠዋት ጠዋት ጉም ከሐይቁ እየተነሳ በመስኮት ይገባል። የስፌት መኪናዬ ላይ የዘረጋሁት ነጭ ጨርቅ የት አልቆ ጉሙ የት እንደሚጀምር አይለየኝም፤ አንዳንዴ የምሰፋው ጉሙን ራሱን ይመስለኛል። እናቴ በዚያ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች። አርጅታ ቀላለች፤ ኮቴዋ አይሰማም፣ እንቅልፍ በያዛት ቦታ ትተኛለች። አንድ ቀንማ ያልተተኮሰ ልብስ ክምር ውስጥ ተኝታ፣ ካውያውን አንስቼ ልተኩሳት ምንም አልቀረኝም።

ጀልባዋ አለቀች። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ እንዲያብጥ፣ ክፍተቱም እንዲገጥም ብሎ ባሌ ወደ ውሃው በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ሥር አስሮ አሳደራት። እኔ የሰፋሁላት ሸራ በውስጧ ታጥፎ ተቀምጧል። በማግስቱ ጠዋት ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃው ውስጥ ገባ። ጉሙ ጀልባዋንም እሱንም ስለዋጣቸው ከመስኮቴ ሆኜ የማየው ጭንቅላቱንና ከጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ ብቻ ነው።

“ምን እያደረግክ ነው?” አልኩት።

“ስንት እንደምትሸከም ልለካ ነው።”

“ዕቃውን ጭነህ አታየውም እንዴ?”

“ጠረጴዛዬን ሐይቅ ውስጥ ከትቼ ነው የማየው? ስሚ፣ ጀልባ የክብደቷን ያህል ውሃ ገፍታ ነው የምትንሳፈፈው። አሁን ውሃው ጎኗ ላይ የደረሰበትን አሰምራለሁ። ከዚያ ከፍ ብዬ፣ ከዚህ በላይ እንዳትጠልቅ፣ ማዕበል ይገባባታል የምለውን አሰምራለሁ። በሁለቱ መስመር መሀል ስንት ሊትር ውሃ ትገፋለች? የዚያን ያህል ኪሎ ነው የምትሸከመው። ሊትሩ አንድ ኪሎ ነው፣ አለቀ።”

“አሁን ውስጧ ምንም የለም?”

ጎኗን በጣቱ አንኳኳ። “ባዶ ናት!” አለ ጮክ ብሎ። “ባዶ ናት!” ድምፁ በጉሙ ውስጥ ሄዶ ሄዶ ጠፋ።

ረፋዱ ላይ እናቴ ፀጉሯ ጤዛ አዝሎ መጣች። ህልም አይታለች። “የሚወዛወዝ አልጋ ላይ ነኝ” አለችን፤ “ከሥሬ ውሃ ያወራል። ደስ ብሎኝ ተኝቼ ሳለ አንዱ መጥቶ ግድግዳዬን ያንኳኳና ‘ባዶ ናት፣ ባዶ ናት’ ይላል።”

“ጓዳችንን አይቶ ይሆናላ” አልኳት። ባሌ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ባሌ ሲደምርና ሲያባዛ ዋለ። ጠረጴዛው፣ መሣሪያው፣ መኪናዬ ከነብረት እግሩ፣ ፍራሹ፣ ድስቱ፣ እሱ፣ እኔ። ክብደቴን ሲጠይቀኝ ልዋሸው አልኩና ሐይቁ መሀል መስመጥ ትዝ ሲለኝ እውነቱን ተናዘዝኩ። ሲጨርስ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ፣ አወረደው፣ እንደገና ሰካው። ጀልባዋ ሞልታለች፤ እናቴ ግን ገና አልገባችም።

“ጠረጴዛውን እንተወው” አልኩ።

“በምን ልሠራ?”

“እሺ፣ የእኔን መኪና።”

“በምን ልንበላ?”

“እናቴንስ?”

“እማማን እንተው መች ወጣኝ?”

“ሂሳብህ ብሏል!” ጮህኩበት። “አንዲት አሮጊት ብትጨመር ስንት ትጠልቃለች? አንድ ጣት? ለአንድ ጣት ብለህ ነው? ውሃ የማያነሳ ምክንያት አታምጣብኝ!”

“ማዕበል የሚፈልገው ያችኑ አንድ ጣት ነው” አለ ቀስ ብሎ። አባቱን የበላው ይኸው ሐይቅ ነው፤ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም።

እናቴ ለካ ከበሩ ኋላ ቆማ ስትሰማ ነበር። “እኔ እቀራለሁ” አለች ብቅ ብላ። “ጎረቤታችን አጣቢዋ ትርፍ ክፍል አላት። መንገዱ ሲጠገን እመጣለሁ። ደግሞስ በህልሜ ተነግሮኝ የለ? ባዶ ናት ተብያለሁ። ባዶ ነገር ማን ይጭናል?”

መንገዱ መቼ እንደሚጠገን የሚያውቅ የለም፤ የእሷ ዕድሜ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። እምቢ አልኩ፣ አለቀስኩ፣ አኮረፍኩ። እሷ ግን አንዴ ከቆረጠች የሚመልሳት የለም፤ ግትርነቴንም የወረስኩት ከእሷው ነው።

የመሄጃችን ቀን ጉሙ ከምንጊዜውም ከበደ። ጎረቤት ተጠራርቶ ዕቃውን ጫነልን፤ ጠረጴዛው በነጩ ውስጥ ብቻውን የሚሄድ ይመስል ነበር። እናቴ ከመጨረሻው ደረጃ ላይ፣ ውሃው ጫማዋን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ተቀምጣለች። ሳምኳት። ጉንጯ ቀዝቅዟል። ገባሁ፣ ባሌም ገባ። ዞሬ እንዳላያት ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ ተከልኩ።

“እማማ፣ እስቲ ይዩልን” አላት ባሌ፤ “ውሃው የላይኛውን መስመር ነካው?”

ጎንበስ አለችና በውሃውና በመስመሩ መሀል ጣቷን አስገባች። “አልነካም። ጣቴ ያልፋል።”

“ሊሆን አይችልም። በሂሳቤ መንካት ነበረበት።”

“ይኸው፣ ያልፋል እኮ ልጄ!”

የረሳነው ዕቃ ይኖር ይሆን ብለን አንድ በአንድ አየን፤ ማማሰያ እንኳ አልቀረም። ባሌ ፊቱ ተለዋወጠ። “ሂሳቤን ውሃ በላው! ከታችኛው መስመር ነው የተነሳሁት፤ ያኔ ደግሞ ባዶ ነበረች…” አለና እንደ ልማዱ ጎኗን አንኳኳ።

እናቴ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። “ይሄው!” አለች። “ግድግዳዬን የመታው ይሄ ድምፅ ነው!”

እኔና ባሌ ተያየን።

“እማዬ” አልኳት፤ “ህልሙን ያየሽ ቀን የት ነበር የተኛሽው?”

“እኔ ምኑን አውቄው? ሸራ ነበረ፣ ለስላሳ። ጎህ ሲቀድ ለመቀመጥ ብዬ ገባሁና…” አላስጨረስኳትም፤ ዘልዬ ወርጄ አቀፍኳት።

“እማማ” አለ ባሌ፣ “ያን ቀን ባዶ ናት ያልኩት ጀልባዋን ነው። እርስዎ ግን ውስጧ ነበሩ። የታችኛውን መስመር ያሰመርኩት እርስዎን ይዛ ነው፤ ክብደትዎ ከጀልባዋ ጋር አብሮ ተቆጥሯል። ያችን ጣት የሚያክል ቦታ ከመጀመሪያው የእርስዎ ነበረች።”

እጇን ይዘን አስገባናት፤ ሸራው ላይ ተቀመጠች። እኔም ከአጠገቧ ገባሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ውሃው በጀልባዋ ጎን ወጣ፣ ወጣ፣ መስመሩ ላይ ደረሰና ቆመ።

“በል እስቲ አሁን አንኳኳው” አለችው እናቴ።

አንኳኳ።

“ምን ትላለህ?”

“ሞልታለች፣ እማማ” አለ ባሌ። ገመዱን ፈታሁት።