የዓፊያ ማግኖሊያ

ዘይኑ ጫት ሲያለማ ያረጀ ሰው ነው። ከሚሴ ዳር፣ የጨፋ ሜዳ ቁልቁል ከሚታይበት ማሳው ላይ ዕድሜውን ሙሉ ቅጠል ሲያገላብጥና ተባይ ሲለቅም ኖሯል። ጉልበቱ ሲደክም ማሳውን ለወንድሙ ልጅ ለሳዳም አስረክቦ ከተማ ገባ። እጁ ግን ጡረታ አልወጣም። ቅጠል ባየ ቁጥር ይበላዋል።

ማግኖሊያ የምትባለውን የአበባ ዛፍ ያመጣችው ሚስቱ ዓፊያ ናት። ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዳ ባረፈችበት ግቢ አበባውን አሸተተችና ልቧ እዚያው ቀረ። አትክልተኛውን ለምና፣ ችግኟን በጣሳ ታቅፋ፣ አውቶቡስ ላይ ለማንም ሳታስነካ ከሚሴ አደረሰቻት። አበባዋ የበሰለ ሙዝ ይሸታል ስትለው ዘይኑ ሳቀባት፤ ሙዝ ካማረሽ ገበያው ሞልቶልሻል አላት። ቆይ፣ ስታብብ እንተያያለን አለችው።

ሐሩሩ እንዳይጎዳት ከግንቡ ጥላ ሥር ተከሏት። ውሃው በከንቱ እንዳይፈስም ለሶላት ሲታጠቡ ዉዱእ የሚያደርጉት ከሥሯ ሆነ። ዛፏ ከወገብ አለፈች፣ ቅጠሏም ወዛ። አበባ ግን የለም። በዚህ መሀል የዓፊያ ሕመም አገረሸና አልጋ ያዘች።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ጥያቄዋ አንድ ነው፤ አበበች ወይ? ገና ናት ይላታል። ደግሞም ይኩራራል። ትል ሊጨርሳት ነበር፤ በየቅጠሉ ሥር ቡናማ ጸጉራም ጎጆ እየሠራ አስቸገረኝ፤ እኔ ግን አንድ ሳላስቀር እየለቀምኩ እሳት ውስጥ እጨምረዋለሁ ይላታል። ዓፊያ ትመርቀዋለች። ሽታው የመጣ ዕለት እንዳያመልጣት መስኮቱን ክፈትልኝ ትለዋለች። እንደጠየቀች፣ ሳታሸት ሞተች።

ልጅ አልወለዱም። ለቅሶ ደራሹ ሲበተን ቤቱ ለዘይኑ ሰፋበት። ባጃጅ ደጃፍ ላይ ስትቆም ጆሮውን ያቆማል፤ የመጣው እንግዳ የጎረቤት ነው። ሻይ አፍልቶ ሁለተኛውን ብርጭቆ ካነሳ በኋላ መልሶ ያስቀምጠዋል። ብቸኝነቱ ከሐዘኑ ይልቅ አናደደው። የሚጨቃጨቀው ሰው ስላጣ ዛፏን ይቆጣል። እሷ ስትጠብቅሽ ሞተች፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው እያለ፣ ቅጠሏን ያገላብጣል፣ ጎጆውን ይለቅማል። አንድ ቀን ታብብና ዓፊያ ያሸተተችውን ያሸታል። በሕይወቱ የቀረው ጉጉት ይኸው ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ወባ ጣለው። ጎረቤቱ ፈይሩዝ አጥሚት እያመላለሰች፣ ዛፏንም ውሃ እያጠጣች አስታመመችው። እሷ ጫት አልሚ አይደለችም፤ ቅጠል አልነካችም።

የተሻለው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ ወጣ። የበሰለ ሙዝ ሸተተው። ፈይሩዝ ሙዝ ያመጣችለት መስሎት ዙሪያውን ፈለገ። ሽታው ከግንቡ ሥር ነው። ተጠጋ። ዛፏ ነጣ ያሉ ትንንሽ አበቦች አውጥታለች። ደስ ብሎት ሊያሸት ጎንበስ ሲል፣ ካበቡት አጠገብ ያለውን ቡናማ ጸጉራም ጎጆ አየ። እንደልማዱ በሁለት ጣቱ ያዘው። ጎጆው ተሰንጥቋል። በስንጥቁ በኩል ነጭ የአበባ ቅጠል ብቅ ብሏል።

ጎጆውን ለቀቀው። ትል ኖሮ አያውቅም። እንቡጥ ነበር። ዓፊያ አበበች ወይ እያለች ስትጠይቀው፣ አበባዋን እየለቀመ ሲያቃጥልባት የከረመው እሱ ነው። ቢተወው ኖሮ ሽታው በተከፈተው መስኮት ይገባላት ነበር። ይቅር በይኝ የሚላት ሰው እንኳ በቤቱ የለም።

ፈይሩዝ አጥሚቷን ይዛ ገባች።

"አካም ቡልተኒ፣ አባባ" አለች ሰላምታዋን አስቀድማ። ከዚያ ሽታው ደረሳት። ኩባያውን መሬት አስቀምጣ ወደ ዛፏ ሄደች፣ አጎንብሳ አሸተተች። ዓፊያ ስለዚህች ዛፍ ስታወራ፣ ዘይኑ እያለ ትል አይደፍራትም ትላት እንደነበር ነገረችው።

ዘይኑ እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከተተ።

ፈይሩዝ ዘወር ብላ፣ መዳፎቿን ለዱዓ ዘረጋች። "እነዚህን እጆችዎን አላህ ይባርካቸው፣ አባባ" አለችው።

የዘይኑ እጆች ከጋቢው አልወጡም። ፈይሩዝ መዳፎቿን እንደዘረጋች፣ አሚን እስኪላት ቆማ ጠበቀች።