ከሥጋ ቤቱ ጀርባ

ሰፈሩ ሥጋ ሻጩን «አጥንቴ» ብሎ ስም ያወጣለት በከንቱ አይደለም። ለሾርባ የሚሆን አጥንት ጣል አድርግልኝ ያለውን ደንበኛ ሁሉ «አጥንቴ ባለቤት አለው» ብሎ ይመልሰዋል። ሥጋ ሲመዝን አውራ ጣቱን አብሮ የሚመዝን፣ ምርቃት ሲጠየቅ ጆሮው የሚደፈን ሰው ነው። ለውሾች ሲሆን ግን እጁ ይፈታል። ያኔ ያየው ሰው፣ ባለ ሥጋ ቤቱ ሞቶ ወንድሙ የተተካ ይመስለዋል።

ሥጋ ቤቱ ጀርባውን የሰጠው ለአንድ ሰፊ ባዶ መሬት ነበር። መሬቱ መሃል ከተማ ነው፤ ዙሪያውን ባንክና ሆቴል ከቦታል። ወራሾቹ ግን በፍርድ ቤት ሲጓተቱበት ዘመን ቆጠረ። ከድሮው ቤት የተረፈው የፍርስራሽ ክምርና ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት አንድ የሲሚንቶ ቱቦ ብቻ ነው። የቀረውን ሣር ወረሰው። ሣሩን ደግሞ ውሾች ወረሱት፣ ያውም ሳይካሰሱ።

አጥንቴ ከሰዓት በኋላ ሥጋውን ከፋፍሎ ሲጨርስ የኋላውን መስኮት ይከፍትና ቢላዋውን በሞረድ ይስላል። ቢላዋው የሚሳል ነገር ኖሮት አይደለም፤ ጥሪ ነው። ሞረዱ ሁለት ሦስቴ ሲንሿሿ ከሣሩ ውስጥ ጆሮዎች ብቅ ብቅ ይላሉ። ከዚያ በመስኮቱ ሥር እንደ ተማሪ ይሰለፋሉ። ከፊት የምትቆመው አንድ ጆሮዋ የተቀደደ ዳማ ውሻ ናት። አጥንቴ «እሜቴ» ይላታል። ሲያናግራት አንቱ ነው።

«እሜቴ፣ ዛሬ ዘገዩ እኮ። ደህና ዋሉ? ይኸው የወገብ አጥንት አስቀምጬልዎታለሁ።»

ሂሳብ የምትቀበለው ሚስቱ ይህን ስትሰማ ራሷን ትነቀንቃለች።

«እኔ ስንት ዘመን አብሬህ ኖሬ አንቺ ነኝ። ውሻዋ አንቱ።»

«እሷ አትጨቀጭቀኝማ።»

«አጥንት እየሰጠሃት ለምን ትጨቅጭቅህ? ለእኔም ስጠኝና ዝም ልበል።»

እንዲህ እንዲህ ሲሉ መሬቱ ተሸጠ።

መጀመሪያ የቆርቆሮ አጥር ዞረው። ቀጥሎ የሕንፃው ሥዕል የተሳለበት ትልቅ ሸራ ተሰቀለ፤ ሥዕሉ ላይ ሰማይ የሚነካ መስታወት፣ ዛፍና ፈገግ ያሉ ሰዎች አሉ፤ ውሻ የለም። ከዚያ ፎርማኑ መጣ። ነጭ ሄልሜት የደፋ፣ ድምፁ ማር የሆነ ሰውዬ ነው። የባለ ሕንፃው የእህት ልጅ በመሆኑ ቃሉ ከወረቀት ይበልጣል ይባላል። የአጥንቴ ሥጋ ቤት የቆመበት ቁራሽም ከመሬቱ ጋር ተሸጦ ኖሮ፣ ፎርማኑ ባንኮኒውን ተደግፎ ነገረው።

«ይሄ ይፈርሳል ጋሼ። ግን አይዞህ። ሕንፃው ሲያልቅ ምድር ቤቱ ላይ፣ ጥጉን፣ ባለ መስታወቱን ሱቅ ላንተ አደርገዋለሁ። ብቻ አብረን እንሥራ።»

አጥንቴ ያን ሌሊት አልተኛም። ደስታ ነው ያሳደረው። ሱቁን ካጣ የሚገባበት እንደሌለ፣ በዚህ ከተማ በዚህ ዕድሜ ሌላ ቦታ ሥጋ ቤት እንደማይከፍት ያውቀዋል። አሁን ግን መስታወቱ ላይ ስሙ ሲጻፍ ታየው። ሚስቱ «አጥንቴ ብለህ ነው የምታጽፈው?» ብላ አሾፈችበት።

ማሽኑ ገብቶ ሣሩን ሲልጠው ውሾቹ ወደ ዳር ወደ ዳር እየተገፉ ሄዱ። እሜቴ ግን አልሄደችም። ቱቦው ውስጥ ወልዳ ነበር።

አንድ የቀን ሠራተኛ ቱቦውን በሰንሰለት አስሮ ለማሽኑ ሊያመቻች ጎንበስ አለ። ሰንሰለቱን ለማሳለፍ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። ጩኸቱ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ። እሜቴ ክንዱን ነክሳ ወደ ራሷ ጎተተችው፤ ሰውዬው እስከ ትከሻው ገባ። እግሩን እያራገበ ሊወጣ ሲታገል፣ የቀሩት ውሾች ከፍርስራሹ ጀርባ እንደ ጎርፍ ወረዱ። አንዱ ባቱን ያዘ። ሌላው ሱሪውን ከሥጋው ጋር ዘለዘለው። ሄልሜቱ ተንከባለለ። ጓደኞቹ አካፋ ይዘው ቢሮጡም ወደ መሃል ለመግባት የደፈረ አልነበረም። ካካፋው ጫፍ የሚያመልጠው ውሻ ተመልሶ እዚያው ሥጋ ላይ ያርፍ ነበር።

አጥንቴ በመስኮቱ ዘሎ ወጣ። ቢላዋና ሞረዱን እንደያዘ ነው። ምን እንደሚያደርግ ሳያስብ፣ እጁ የለመደውን አደረገ፤ ቢላዋውን በሞረዱ ላይ አንሿሿው።

ውሾቹ ለቀቁ። ሁሉም። አፋቸው ቀይ እንደሆነ፣ ጭራቸውን እየቆሉ ወደ እሱ መጡና ከፊቱ ተሰለፉ።

ሰውዬው ከነነፍሱ ተነሥቶ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ። አጥንቴ ሕይወቱን አተረፈ ማለት ነው። የቀሩት ሠራተኞች ግን ያዩት ሌላ ነው፤ ውሾቹ ለማን እንደሚታዘዙ ነው ያዩት።

ከሰዓት ሲሆን ፌሮ ብረት ይዘው ሥጋ ቤቱን ሞሉት። ከፊት የገባው የተነከሰው ሰው ወንድም ነበር። ምንም ሳይል አጥንቴን ከባንኮኒው ጀርባ በአንገትጌው ጎትቶ በቡጢ አፉን አለው። ደገመው። ከዚያ ፊቱን ሥጋ መክተፊያው ግንድ ላይ አጣብቆ ያዘው። የግንዱ ደም ከአፍንጫው ደም ጋር ተደባለቀ።

«የወንድሜን ባት ያበላሃቸው አንተ ነህ» አለው በጆሮው። «ሥጋ አስለምደህ።»

«አጥንት ነው» አለ አጥንቴ ከግንዱ ላይ። «ሥጋ ሰጥቼ አላውቅም።»

ሚስቱ በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ሰምታ ትስቅ ነበር። አሁን ግን የሰውዬውን ፀጉር በሁለት እጇ ጨምድዳ ወደ ኋላ እየሳበች ነበር። አንዱ በክርኑ ደረቷን መታትና ከመንጠቆው ሥር ወደቀች፤ የተሰቀለው የሥጋ ብልት ተወዛወዘ። ፎርማኑ የደረሰው ያን ጊዜ ነው።

«በቃ፣ ልቀቁት። ጋሼ የራሳችን ሰው ነው።» አጥንቴን በራሱ መሐረብ ጠረገው። «ስማኝ ጋሼ፣ ሠራተኛው ውሻ እያለ አልገባም ብሏል። ሥራ ቆመ ማለት አጎቴ አበደ ማለት ነው። ነገ መኪና አመጣለሁ። አንተ እንደለመድከው ትጠራቸዋለህ፤ እኛ ይዘን ጭነን ከከተማ ውጭ እናወጣቸዋለን። አለዚያ ሱቅ የሚባለውን እርሳው።»

«አይገደሉም?»

«መኪና እያልኩህ።»

ሰዎቹ ሲወጡ ሚስቱ ደረቷን ይዛ ብድግ አለች።

«ለመጫን ፌሮ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ለማስፈራሪያ ነው።»

«ታምነዋለህ?»

አጥንቴ አፉን ተጉመጥምጦ ደሙን ተፋ። እንዳመነ እሱም እርግጠኛ አልነበረም፤ ማመን ግን ፈልጎ ነበር። የፈለገ ሰው ደግሞ ብዙ አይጠይቅም።

በማግስቱ መኪናው መጣ። በዚህ በኩል ፎርማኑ አልዋሸም። አጥሩንና የሥጋ ቤቱን ግድግዳ በሚለየው ጠባብ መተላለፊያ፣ ከቆርቆሮ ጀርባ፣ ሰዎች ግራና ቀኝ ቆሙ። አጥንቴ ከመስኮቱ ሆኖ የብረቶቹን ጫፍ አየ። መረብ ፈለገ፤ ገመድ ፈለገ፤ አላየም።

«በል ጋሼ» አለ ፎርማኑ ከውጭ።

ሞረዱን አነሣ። ቢላዋውን ሳለበት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

መጡ። በመተላለፊያው ገብተው በመስኮቱ ሥር ተሰለፉ፤ ቀና ብለው አዩት። እሜቴ የለችም። ቆርቆሮው ከኋላቸው ተዘጋ።

የመጀመሪያው ብረት ሲያርፍ የጣሳ ድምፅ ነበር የሰጠው። ከዚያ በኋላ ድምፁን መለየት አልተቻለም። ውሾቹ ግድግዳውን ቧጠጡ፤ አንዱ በሌላው ላይ ወጣ። ወገቡ የተሰበረ ጥቁር ውሻ በፊት እግሮቹ ብቻ ወደ መስኮቱ እየተሳበ መጣ። ጭንቅላቱን ሲሉት የግድግዳው ቀለም ተቀየረ። የተነከሰው ሰው ወንድም አንዱን ውሻ ከሞተም በኋላ ይመታ ነበር፤ እያለቀሰ ነው የሚመታው። አጥንቴ «መኪናውስ? መኪናው አለ እኮ» ይላል። ለማን እንደሚል አይታወቅም። ሞረዱ አሁንም በእጁ ነው።

እሜቴ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። የጮኹትን ሰምታ ይሁን የሞረዱን ጥሪ፣ በቆርቆሮው ሥር ሾልካ ገባች። አንድ ብረት ጎኗ ላይ አረፈ፤ ተንከባለለች። ሁለተኛው ከመድረሱ በፊት በሞቱት ላይ ተረማምዳ ወደ መስኮቱ ዘለለች። አጥንቴ ሞረዱን ጥሎ ሁለት እጁን ዘረጋላት።

«ይግቡ እሜቴ፣ ይግቡ፣ በኔ ይሁን።»

ገባች። የቀኝ አንጓውን ነክሳ ነው የገባችው።

ሁለቱም መሬት ላይ ወደቁ። ጥርሷ አጥንት አገኘ፤ አልለቀቀችም። አታጓራም፣ አትጎትትም፤ እንዲሁ ይዛ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ደሟ ከጎኗ እየፈሰሰ ደረቱን አረጠበው። ሰዎቹ በመስኮትም በበርም ገቡ።

«ውጋት» አለ ፎርማኑ። «ቢላዋው አጠገብህ ነው፣ ውጋት።»

ቢላዋው በግራ እጁ በኩል ነበር። የት ቢያሳርፈው በአንድ ጊዜ እንደሚያበቃ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ እንጀራው ነው። እጁ ወደ ቢላዋው ሄዶ ነካው። ከዚያ ገፋው። ቢላዋው እየተሽከረከረ ባንኮኒው ሥር ገባ።

«አትንኳት» አለ። «ራሷ ትለቃለች። ተዉአት፣ ትለቃለች።»

ማንም አልሰማውም። የሠራተኛው ወንድም ብረቱን በሁለት እጁ አንሥቶ አወረደው። የራስ ቅሏን አደቀቀው፤ ከሥሩ የነበረውንም አንጓ። አጥንቴ ጮኸ። ሚስቱ የእሜቴን መንጋጋ በጣቶቿ ስትፈለቅቅ እንኳ ጥርሱ እንደተተከለ ነበር።

መኪናው ጭነቱን ይዞ፣ እንደተባለውም ከከተማ ወጣ። ቡችሎቹን የጠየቀ የለም። በማግስቱ ማሽኑ ቱቦውን አንሥቶ ከአፈሩ ጋር ጫነው።

ሕንፃው ቆመ። ፎርማኑ ቃሉን ጠበቀ፤ ጥጉ ላይ ያለው ባለ መስታወት ሱቅ ለአጥንቴ ተሰጠ፣ በጽሑፍ ሳይሆን በፎርማኑ ቃል። ሥጋ የምትቆርጠው አሁን ሚስቱ ናት። የአጥንቴ ቀኝ እጅ ጣቶቹ አይታጠፉም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሂሳብ ይቀበላል። ደንበኛው በዝቷል። ፎቁ ላይ የሚኖሩት ጥሩ ልብስ የለበሱ ሰዎች ናቸው፤ ሚስቱም በልኩ ትመዝናለች። ኑሮው ከድሮው ይሻላል ብሎ የሚምል አይጠፋም።

አንድ ከሰዓት ፎርማኑ ገባ። አቧራ ለብሷል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሌላ ባዶ መሬት ማጠር ጀምረዋል።

«እንዴት ነው ጋሼ፣ ሱቁ ተስማማህ?»

«ተመስገን።»

«ማዶም ያው ነገር ገጠመን ባክህ። ውሾች። አንዲቷ ደግሞ ወልዳለች። አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ብለህ...»

«እጄ አይስልም» አለ አጥንቴ።

«እትዬ ይስሉልን የለ? ድምፁ ነው እንጂ እጁ ምን ያደርጋል። አጥንት አስለምዷቸውና በሳምንት ይለምዳሉ።» ወደ ሚስቱ ዞሮ ፈገግ አለ። «አይደለም እትዬ?»

ሚስቱ ቢላዋውን ሥጋው ላይ እንዳጋደመች ቀረች። አንዲት ሸማች ቦርሳዋን ከፍታ ትጠብቃለች።

አጥንቴ ከወንበሩ ተነሣ። ባንኮኒው ላይ የነበረውን ሞረድ በግራ እጁ አነሣ። ፎርማኑ አሳሳሉን ሊያሳየው መስሎት «ይኸው» አለ። አጥንቴ አፉን በሞረዱ አለው። ግራ እጁ አልለመደም፤ ግማሹ ከንፈሩ ላይ፣ ግማሹ ጉንጩ ላይ ነው ያረፈው። ጥርስ መሬት ላይ ሲወድቅ ተሰማ። ፎርማኑ መስታወቱን ተደግፎ ቁጭ አለ፤ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ በጣቶቹ መሃል ያየዋል፤ እንደተቆጣ ሳይሆን እንደገረመው። አጥንቴ እንደገና አነሣ፣ አወረደ። ሦስተኛውን ሊያሳርፍ ሲል፣ ሸማቿ ጩኸቷን ስትለቀው አቆመ።

ከደረጃው ላይ የሕንፃው ዘበኞች ሲሮጡ ይሰማል።

አጥንቴ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እያለከለከ ነው። ሚስቱን አያት፤ ምን ልትለው እንደሆነ ለማወቅ። እሷ ሽርጧን ፈትታ አጣጥፋ አስቀመጠች፤ ከዚያ ሌላ ወንበር ሳበችና ላዩ ላይ ወጥታ፣ የተሰቀለውን ብልት ካወረደች በኋላ፣ መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ ከብረቱ ላይ እያወለቀች ጆንያ ውስጥ መክተት ጀመረች።