በወረታ ሆቴል የተቀመጥኩት ለቅሶ

የስፌት መኪና ሻጭ ነበርኩ። ኑሮዬ ከሆቴል ሆቴል ነው፤ ባሕር ዳር፣ ሐሙሲት፣ ወረታ። ሆቴል ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ወረታ ላይ የማርፍበት የወይዘሮ ሸዋዓለም ቤት ግድግዳው ስስ ነው፤ ከአንዱ ክፍል ሲያስነጥሱ ከሌላው «ይማርህ» ይባላል። ከአልጋዬ አጠገብ አንዷን መኪና ለማሳያ አቁሜ፣ ልብስ ሰፊዎችን እያስገባሁ ክር አገባቡንና ዘይት አቀባቡን አስተምራለሁ። የገዛም ያልገዛም አንሶላዬ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ሰው ለማረፍ የሚገባበት ክፍል ለእኔ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ማረፍ የሚባለውን ነገር ረስቼው ነበር።

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው። መኪና አያልፍም ተባለ፤ እኔም ወረታ ላይ ቀረሁ። እናቴ ወይዘሮ ታይቱ ከውሃው ማዶ፣ ይፋግ ነበረች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳልህ የሚባለውን ልብስ ሰፊ ሳስተምር የእናቴ ጎረቤት አያልነህ እስከ ወገቡ ጭቃ ለብሶ በሩ ላይ ቆመ።

«እናትህ ታማለች፤ ቶሎ ና ብላሃለች» አለኝ። «ታንኳ ውሃው ዳር አቁሜ ነው የመጣሁ። ሳይመሽ እንሻገር።»

ሳልህ እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ። ወይዘሮ ሸዋዓለም በነጠላዋ አፏን ያዘች። ለምን እንደሆነ ያገሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሩቅ ላለ ሰው እናትህ ሞተች ተብሎ አይላክበትም፤ መንገድ ላይ ልቡ እንዳይፈርስ ታማለች፣ ና ይባላል። ሞቱን የሚያረዱት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጎህ ሲቀድ፣ ተሰብስበው፣ ሰውየውን ከግራ ከቀኝ ይዘው። እናትህ ታማለች የተባለ ሰው እንግዲህ እናቱ እንደተቀበረች ይረዳል። በእውነት የታመመ ሰው ቤተሰብ ምን ብሎ እንደሚልክ ግን እስከ ዛሬ ያሰበበት የለም።

«እውነቱን ንገረኝ፤ በሚካኤል ይዤሃለሁ» አልኩት።

«በሚካኤል! ነፍሷ አለች። አንተኑ ነው የምትጠብቅ።»

መልእክተኛ ሁሉ እንዲህ ብሎ ይምላል። እኔም ለስንቱ ምያለሁ።

ቢሆንም ኮቴን አነሳሁ፤ እግዜር ያውቃል፣ ልሄድ ነበር። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደጅ ወጥቶ ኖሮ የከተማው ሽማግሌ አቶ አንለይ ከበሩ ላይ ያዙኝ።

«የት ትሄዳለህ ልጄ? ይህ ውሃ ትናንት ሰው በልቷል። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ። እስኪጎድል እዚሁ እኛ ዘንድ ሁን፤ ከእንግዲህ የሚያመልጥህ ነገር የለም።»

የሚያመልጥህ ነገር የለም ሲሉኝ ኮቴን መልሼ አልጋው ላይ ጣልኩት። ያን ቃል ከሰማሁ በኋላ የአያልነህ መሐላ ከጆሮዬ አልገባም።

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ አልሞተችም እኮ! እንዲያ አይዶለም!» ብሎ ጮኸ።

«መልእክትህን አድርሰሃል፤ አሁን ዝም በል» አሉት አቶ አንለይ። እሱም እየተራገመ ብቻውን ወደ ታንኳው ተመለሰ።

ሲነጋ አረዱኝ። ወይዘሮ ሸዋዓለም እንደ እህት ደረቷን መታች። የወረታ ሴቶች እናቴን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም፤ ግን አለቀሱላት፤ እያንዳንዷ የራሷን ሙት ይዛ የመጣች ይመስለኛል። ሳልህ በዚያችው ለማሳያ ባቆምኳት መኪና ጥቁር ሸሚዝ ሰፋልኝ። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር፤ በደንብ አስተምሬዋለሁ። ራሴን ተላጨሁ። ለእንግዳ ሰው እንዲህ ያለ ደግነት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ ጠልቻቸው ይወጣልኝ ነበር፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ውሃው ጎደለና ተሻገርኩ። ይፋግ ከደጃችን ስደርስ ዳስ የለም፤ የተሰበሰበ ሰውም የለም። ዘልዬ ገባሁ። እናቴ መደቡ ላይ ተኝታለች። ከስታ አጥንቷ ቀርቷል፤ ግን ትተነፍሳለች። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፤ ደግሞም አልቆየም። ዓይኗን ገልጣ ራሴን አየች፣ ከዚያ ሸሚዜን።

«ማነው የሞተው?» አለችኝ።

ምን ልበላት? አንቺ ነሽ ልበላት?

«ጓደኛዬ ነው፣ እማዬ። አብሮኝ የሚሠራ።»

«ለጓደኛ ራስ ይላጫል? እኔን ነው የምታታልል? ስንቱን ያረዳሁ ሴት!»

ታናሽ ወንድሜ አበረ አስመራ ወታደር ነበር። ከሁለታችን ሌላ ልጅ የላትም።

«አበረ ነው» አለች። እየጠየቀችኝ አልነበረም።

አበረ ደህና ነው ብዬ ማልኩላት። ሸሚዙን ቀድጄ ጣልኩት። በመጨረሻም እውነቱን አወጣሁት፤ አንቺ ሞተሻል ብለውኝ ነው አልኳት።

«እኔ እያለሁ ለእኔ ማን ይላጫል? ተው ልጄ፣ አትድከም» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በዚያች በቀረቻት ትንሽ ትንፋሽ ለአበረ ታለቅስለት ጀመር። ጎረቤት ጠርቼ አስማልኩላት፤ አያልነህም መጥቶ ማለላት። ይባስ ብላ አመነች፤ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚምለው ለሙት ነው። በማግሥቱ አረፈች።

አበረ ከአስመራ ሲደርስ ከተቀበረች ሰንብታለች። መቃብሯ ላይ ወድቆ አለቀሰ፣ አለቀሰና ቀና ብሎ አየኝ።

«ስሜን ጠርታ ነበር?»

«ያንተን ብቻ» አልኩት።

በዚህ ተጽናና።