አዛለች ያላጠፋችው መብራት

አዛለች መብራቱን አላጠፋችም። ይህ ከሁሉ በፊት ይታወቅ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ በዓል ቤተዘመድ ቤቷ ተሰብስቦ ነበር። የባሏ ታናሽ ወንድም ሲላስ ያኔ አዲስ የገዛውን ፕሌይስቴሽን ከቴሌቪዥኗ ጋር አገናኝቶ ከጓደኛው ከሀብተየስ ጋር ኳስ ይጫወታል። ሲላስ ሀብተየስን አሸንፎ አያውቅም። ያን ቀን ግን እየመራ ነው፤ ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። አዛለች የስልኳን ቻርጀር ልትሰካ እጇን ወደ ሶኬቱ ስትሰድ መብራት ሄደ።

የሄደው ከእሷ ቤት ብቻ አይደለም። ሰፈሩ በሙሉ፣ እስከ መናኸሪያ ድረስ ጨለመ። አንዲት ሴት በቻርጀር መናኸሪያ አታጨልምም። ሲላስ ግን «አጠፋችው!» ብሎ ጮኸ። ቤተዘመዱ ሳቀ። ባሏ ዳልጮም ሳቀ። በማግስቱ ስሟ «ብሬከር» ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ገብታ ሶኬት ያለበት ግድግዳ አጠገብ ልትቀመጥ ስትል «ወዲህ፣ ወዲህ ይሻላል» ይሏታል። ገበያ ላይ ቦይና፣ ጎደሬውን ማለት ነው፣ ስትሸጥ የማታውቀው ሰው እንኳ «ብሬከር፣ ስንት ነው?» ይላታል። ሲላስ ደግሞ ወሬውን ባወራ ቁጥር ጎል ይጨምራል። መጀመሪያ ሁለት ለአንድ ነበር፤ አሁን አምስት ለዜሮ ደርሷል። በኋላም የራሱን ጌም ቤት ከፈተ። አዛለች ደጁን ረግጣ አታውቅም።

ዘንድሮ ሶዶ ላይ የጌም ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ። ከአዲስ አበባም ከሐዋሳም ጌም የሠሩ ልጆች አዲስ ሥራቸውን ይዘው መጡ። ከሶዶ የአዛለች ልጅ ትህትና አለችበት። ትህትና ኮምፒውተር ተምራለች፤ በሬ እየነዱ እስከ በዴሳ ከተማ ገበያ የሚያደርሱበት ጌም ሠርታለች። አዛለች ሥራው እስኪያልቅ ከልጇ ጀርባ እየቆመች አይታለች እንጂ ነክታው አታውቅም። «እማ፣ ሲያልቅ ትጫወቻለሽ» ተብላ ነበር። አሁን አልቋል።

ችግሩ ስክሪኑ ነው። ትልቁ ስክሪን የሲላስ ነው። «አውስሻለሁ» አላት ትህትናን፤ «ብሬከር ግን አጠገቡ እንዳትደርስ።» ትህትና ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ አልነበረም። በኤግዚቢሽኑ ቀን ሲላስ ራሱ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ይጠብቅ ጀመር።

«እትዬ አዛለች፣ አንቺ እዚያ በሩ ጋ» አላት።

«ልጄ የሠራችውን ከሩቅ ልይ?»

«ስክሪኑ ትልቅ ነው። ከአረካ ከተማም ይታያል።»

ትህትና ወደ እናቷ ጠጋ አለች። «እማ፣ ለዛሬ ብቻ ቻይው። ከአዲስ አበባ የመጡት ገምጋሚዎች ከሰዓት በኋላ ያዩልኛል። ስክሪኑን ከወሰደብኝ በምን አሳያለሁ?»

አዛለች ቻለችው። ዘጠኝ ዓመት የቻለ ሰው ለግማሽ ቀን አያንስም። ግን በር ላይ መገተር ስለማትወድ ሌሎቹን ጠረጴዛዎች ልትዞር ሄደች።

መጀመሪያ የጦርነት ጌም ነው ያገኘችው። አንድ ጎረምሳ ጆይስቲክ አስያዛት። ስክሪኑ ላይ አንድ ሰውዬ ከድንጋይ ጀርባ ብቅ አለ።

«ተኩሺ፣ ማዘር!»

«ምን አድርጎኝ?»

«ጠላት ነው እኮ!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ይህን ስትጠይቅ ሰውየው ተኩሶ ገደላት። አዛለች ጆይስቲኩን መለሰች። «ባለጌ ነው» አለች፤ ሄደች።

ቀጥሎ የእርሻ ጌም ነው። በቆሎ ዘራች፤ ዘወር ሳትል ደረሰ። ይሄ አልከፋትም። ከዚያ ላም ልታልብ ሆነ። «ጥጃዋስ?» ብላ ጠየቀች። ጥጃ አልሠራንም አሏት። «እንኪያስ ሞቶባታል፤ ዛሬ አትነካም» ብላ ላሟን ትታት ተነሳች።

ሦስተኛው የመኪና ውድድር ነው፤ ሳሌም የምትባል የሐዋሳ ልጅ ናት የሠራችው። አዛለች መሪ የሚመስለውን ነገር ይዛ መንገድ ጀመረች። ሌሎቹ መኪናዎች አልፈዋት ጠፉ።

«እናቴ፣ ውድድር እኮ ነው» አለች ሳሌም።

«ይሂዱ። እኔ የሚያስቸኩለኝ የለም።» መኪናዋን ዳር አስይዛ አቆመች። «ይሄ ዋርካ ነው?»

«ዋርካ ነው!» ሳሌም ወንበሯን ስባ ተጠጋች። «እሱን ስሠራ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ቆሞ ያየው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

አዛለች መጨረሻ ወጣች። ሳሌም ግን ውሃ ጋበዘቻት። በአንድ እጇ ጃንጥላዋን፣ በሌላው የውሃውን ጠርሙስ እንደያዘች ቆማ ስትጠጣ፣ መብራት ሄደ። የአዳራሹ ስክሪን ሁሉ ባንዴ ጠቆረ።

«ብሬከር!» ሲል ተሰማ ሲላስ፣ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ። «ያቺን ሴትዮ ፈልጓት!»

የሶዶ ሰው ሳቀ። የአዲስ አበባ ሰውም ነገሩ ሳይገባው አብሮ ሳቀ። እሱ ብዙም አልከፋትም፤ ለምዳዋለች። የከፋት ሌላ ነው። በመስኮቱ ብርሃን ልጇን አየቻት። ትህትና ዞር ብላ መጀመሪያ ያየችው የእናቷን እጅ ነበር።

ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ መብራት መጣ። አዛለች ጃንጥላውንም ጠርሙሱንም የሳሌም ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«ይሄ ስክሪን ያንቺ ነው?»

«አዎ።»

«ልጄ ሥራዋን ለገምጋሚዎቹ ብታሳይበትስ?»

«ትችላለች፤ ምን ችግር አለው።»

«እኔስ ብነካው?»

ሳሌም ጥያቄው አልገባትም። «ሊነካ አይደል እንዴ የመጣው?»

አዛለች አዳራሹን አቋርጣ ሄደች። ሲላስ ስትመጣ ሲያያት ሁለት እጁን ዘረጋ።

«እትዬ፣ ተይ። ገምጋሚዎቹ ሊደርሱ ነው!»

«ለዚህ ነው የመጣሁት» አለች፤ በክንዱ ሥር አለፈች። ጎንበስ ብላ የስክሪኑን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለችው። ስክሪኑ ጨለመ።

«ይሄን አጥፍቻለሁ» አለች። «የጊፋታውን አላጠፋሁም። ሁለቱን ለይተህ አውራ።»

ገመዱን አጣጥፋ እንደ አራስ ልጅ ክንዱ ላይ አስቀመጠችለት። «ስክሪንህን ውሰድ። እግዜር ይስጥልን።»

ሲላስ ገመዱን እንዳቀፈ ቀረ።

«እማ! ምን አደረግሽ?» አለች ትህትና።

«ላፕቶፕሽን አንሺ። የምታሳዪው እዚያ ነው።»

ትህትና አጎቷን አየችው። እናቷን አየቻት። ከዚያ «አጎቴ፣ እስካሁን ስላዋስከን አመሰግናለሁ» ብላ ላፕቶፑን አቀፈችና ተከተለቻት።

ከሳሌም ስክሪን ጋር እያገናኙ ሳለ ገምጋሚዎቹ ደረሱ፤ ሁለት ወንዶችና መነጽር ያደረገች ሴት።

«ማነው የሚጫወትልን?» አለች ሴትየዋ።

ትህትና ወደ ወንበሩ ዞረች። አዛለች ተቀምጣበታለች። ትህትና ትንሽ አሰብ አደረገች፤ ከዚያ ጆይስቲኩን በሁለት እጇ ይዛ ለእናቷ ሰጠቻት።

አዛለች በሬውን እየነዳች ቁልቁለቱን ወረደች። ወንዝ ላይ ሲደርሱ በሬው አጎንብሶ ይጠጣ ጀመር። እሷም ቆመች። ገምጋሚዎቹ ጠበቁ።

«መቼ ነው የሚሄደው?» አለ አንደኛው።

«ሲረካ» አለች አዛለች።