ሮቢንሰንና ባልዲው

ዕቃ ማንሻዋ ማልጌዛ ባልዲውን ስትጨፈልቀው የወጣው ድምፅ ያን ያህል አልነበረም። የፕላስቲክ ባልዲ ነው፤ ጧ አለ፣ ውሃው ፈሰሰ፣ አለቀ። ማንአለብሽ መወልወያዋን እንደያዘች ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ቆማለች። በእሷና በኋላ ጎማው መካከል የቀረው ቦታ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው።

ጋሽ ፈረደ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። ባልዲውን አዩት፤ ማንአለብሽን አዩዋት፤ ተመልሰው ባልዲውን አዩት።

«ማነው እዚህ ባልዲ ያስቀመጠ?» አሉ።

ማንአለብሽ በዚህ የጠርሙስ ፋብሪካ ወለል ማጽዳት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ባልዲዋን የምታስቀምጠውም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያው፣ ከሦስተኛው መደርደሪያ ጥግ ነው።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች። «ይቅርታ።»

ሌላው ነጂ ጌታዬ ከመደርደሪያው ማዶ በራሱ ማልጌዛ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም አይቷል። ማልጌዛ፣ ማለት ካርቶኑን ከነመደቡ አንስታ የምትደረድረው መኪና፣ ባዶዋን ሦስት ቶን ተኩል ትመዝናለች። እሷን መንዳት ያስተማሩት ጋሽ ፈረደ ናቸው፤ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ እዚሁ መተላለፊያ ላይ። «ወደ ኋላ ስትሄድ የምትነዳው በእጅህ አይደለም፣ በአንገትህ ነው» ብለውት ነበር። ዛሬ አንገታቸው አልዞረም። ጌታዬ ደጋግሞ አሰበው፤ አልዞረም።

የፈረቃው ኃላፊ ሞራን ድምፁን ሰምታ መጣች። ሞራን እዚሁ ቂርያት ጋት ከተማ የተወለደች የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። አማርኛዋን ያገኘችው ከእናቷ ኩሽና ነው፤ ውስጡ «አንተ» እና «አንቺ» አለ፣ ሌላ የለም። ሽማግሌዎቹም ለምደውታል።

«ምን ተሰበረ?»

ጌታዬ ማንም ሳይቀድመው፣ «ባልዲ ነው። ከመደርደሪያ ላይ ወደቀ» አለ።

ሞራን ባልዲውን በጫማዋ ጫፍ ገለበጠችው። እንደ ቂጣ ጠፍጥፏል።

«በጣም ከፍ ካለ ቦታ ነው የወደቀው» አለችና ወደ ቢሮዋ ተመለሰች።

ጋሽ ፈረደ ማልጌዛቸው ላይ ወጡ። ማንአለብሽ ወለሉ እርጥብ ስለሆነ መጀመሪያ ወለሉን አደረቀች፣ ከዚያ ባልዲውን ቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ አኖረችው።

በምሳ ሰዓት ሦስቱ እንደ ሁልጊዜው ከማቀዝቀዣው አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ተቀመጡ። እዚህች ጠረጴዛ ላይ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የተነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከመካከለኛ ክብደት ቦክሰኞች ሁሉ የሚበልጠው ማነው? ጋሽ ፈረደ የሮቢንሰን ናቸው፤ የሹገር ሬይ ሮቢንሰን፣ የዛሬ ሰባ ዓመት የዓለምን ቀበቶ አምስት ጊዜ የወሰደው። ጌታዬ የሃግለር ነው፤ የማርቪን ሃግለር፣ የራሰ በራው፣ ስድስት ዓመት ተኩል ከሻምፒዮንነቱ ንቅንቅ ያላለው። ሁለቱ ቦክሰኞች ተገናኝተው አያውቁም። ሮቢንሰን ጓንቱን ሲሰቅል ሃግለር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ክርክሩም ይህን ሁሉ ዓመት የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

እውነቱን ለመናገር ጌታዬ ሃግለርን የመረጠው ሮቢንሰን ስለተያዘ ነው። ስለ ቦክስ የሚያውቀውን ሁሉ ያወቀው ጋሽ ፈረደ ካዋሱት ካሴት ነው። ጋሽ ፈረደ ግን ከካሴት አልተማሩም። ጎንደር ሳሉ በሰባ አምስት ኪሎ ተጋጥመዋል። በሠላሳ ዓመታቸው ወደዚህ ከመጡ በኋላም ሞርደካይ የሚባል አሠልጣኝ ከመሬት በታች ባለ የቦምብ መጠለያ ውስጥ ወጣቶች ያሠለጥን ነበርና ወደ እሱ ሄዱ። ሞርደካይ ተጋጣሚ አልፈለገም፤ ልጆቹ መምታት እንዲለምዱ የሚመታላቸው ሰው ነበር የፈለገው። ጋሽ ፈረደ ለአሥር ዓመት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ተመቱ። ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቁ «ስፖርት ነው» ይላሉ።

ዳኛዋ ማንአለብሽ ናት። አንድም ግጥሚያ አይታ አታውቅም፤ የመረጧትም ለዚሁ ነው። የምትፈርደው ብርጭቆውን አጥቦ ለመለሰው ነው።

ጌታዬ የጠዋቱ ነገር ከዓይኑ አልጠፋ ስላለው ክርክሩን ቶሎ ጀመረው።

«ሮቢንሰንዎን ደግሞ አየሁት» አለ። «ምን ዋጋ አለው፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ሰው ሁሉ ፈጣን ነው።»

ይህ የቆየ ተረብ ነው። መልሱም የቆየ ነው፤ ጋሽ ፈረደ ሹካቸውን አስቀምጠው «በቀለም ቢሆንማ ዓይንህ አይችለውም ነበር» ይላሉ፣ ማንአለብሽ «አንድ ለዜሮ» ትላለች፣ ከዚያ ምሳው ይቀጥላል። ጌታዬ መልሱን ጠበቀ።

«እሱስ እውነት ነው» አሉ ጋሽ ፈረደ።

ማንአለብሽ ብርቱካን መላጧን አቆመች።

«ሰውየው ጎበዝ ነው፣ አይደለም አልልም» ቀጠሉ። «ግን ሃግለር ፊት አቁመው እስቲ። ያን ራስ ምን ሊያደርገው ነው? ድንጋይ እኮ ነው። ከሄርንስ ጋር የገጠመ ለት ግንባሩ ተተርትሮ ደሙ ዓይኑ ላይ ሲወርድ ሐኪም ጠሩለት። ታያለህ ወይ አሉት። ምን አለ?»

ይህ የጌታዬ ታሪክ ነው። ጋሽ ፈረደ ይህን ታሪክ ሲሰሙ ሁልጊዜ «ሐኪሙ ራሱ አላየም» ብለው ያናንቁት ነበር።

«‘ታዲያ ስመታው እየሳትኩት ነው እንዴ?’ አለ ይባላል!» ጋሽ ፈረደ ጠረጴዛውን መታ አድርገው ሳቁ። «እዚያው ሦስተኛው ዙር ላይ አጋደመው። አንተ ደግሞ ከዚያ ከሮቢንሰንህ ጋር ሙጭጭ። ሰው አይመክርህ።»

ማንአለብሽ አፏን ልትከፍት ስትል ጌታዬ በዓይኑ ያዛት። ወደ ብርቱካኗ ተመለሰች።

«ጋሽ ፈረደ» አለ ጌታዬ፣ ድምፁን ቀለል አድርጎ፣ «አምስተኛው ዙርስ? ፉልመርን የጣለበት?»

«ማንን?»

«ፉልመርን።»

«አላወቅኩትም» አሉና ዳቦ ቆረሱ።

ሮቢንሰን በታኅሣሥና በሚያዝያ መካከል ባለችው ጊዜ ቀበቶውን ለፉልመር አስረክቦ፣ ተመልሶ በአምስተኛው ዙር፣ በአንድ የግራ ቡጢ የዘረረው ያ ግጥሚያ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሺህ ጊዜ ተነግሯል። ጋሽ ፈረደ ሲተርኩት ይነሱና ማቀዝቀዣውን ፉልመር ያደርጉታል። ጎኑ ላይ ያለው ስርጉድ ከዚያ የተገኘ ነው። አሁን ከዚያ ስርጉድ ሥር ተቀምጠው ዳቦ ያኝካሉ።

ጌታዬ የዚያን ጊዜ ነው የሰንበቱ ነገር ትዝ ያለው። የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጋሽ ፈረደ የሥራ ቦርሳቸውን አንግተው የሠራተኛ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመው ታዩ። እዚህ አይሁድ አገር በቅዳሜ ሰንበት አውቶቡስ እንደሌለ ሕፃንም ያውቃል። ወሬው እስከ ምሳ ድረስ ሰፈሩን አዳረሰው፤ ፈረደ ሰንበት ሻረ። ቄሱ ጠርተው በሰው ፊት ተቆጧቸው። ጋሽ ፈረደ አንገታቸውን ደፍተው «አጥፍቻለሁ» አሉ እንጂ አንዲት ቃል አልጨመሩም። ጌታዬም እንደ ሰዉ ሁሉ በዚህ ዕድሜያቸው ምን ነካቸው ብሎ ነበር።

የጭነት መኪና ደጅ ላይ ጥሩምባ ነፋ። ጋሽ ፈረደ ብርጭቋቸውን ሳያጥቡ ተነሱ። ጌታዬ ተከተላቸውና ማልጌዛዋ ጋ ደረሰባቸው።

«ያን ሰንበት፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ» አለ።

«ቄሱ ተቆጥተውኛል። አልቋል።»

«ቀኑ ጠፍቶብዎት ነው?»

ጋሽ ፈረደ የማልጌዛዋን መያዣ ብረት ጨበጡ።

«ሰንበት ሻረ ቢሉኝ ይሻላል» አሉ። «ለሰንበት ንስሐ አለው።»

«እትዬ ሸጋዬ ያውቃሉ?»

«ጠዋት ጠዋት ጫማዬ የት እንዳለ የምትነግረኝ ማን ይመስልሃል? አርባ ዓመት ያገባኋት ሚስት ናት፣ አታውቅም ልበልህ?» ወደ በሩ አዩ። «ሦስት ዓመት ናት የቀረችኝ፣ ጌታዬ። ከዚያ ጡረታ ነው። ቤቴ ቁጭ ብዬ የፈለግኩትን እረሳለሁ።»

«ማንአለብሽ ደግሞ አንድ ስንዝር ነበር የቀራት።»

«ባልዲ ነው የሰበርኩት።»

«ባልዲው አጠገብ ሰው ነበር፣ ጋሽ ፈረደ።»

«አንገቴ ሳይዞር ያየህ አንተ ብቻ ነህ።»

«አዎ» አለ ጌታዬ። «የቸገረኝም እሱ ነው።»

ጋሽ ፈረደ ትንሽ ፈገግ አሉ። «ሞራን ታያለህ ወይ ብላ ብትጠይቀኝ የምላት አለኝ። ባልዲውን እንደሆነ አልሳትኩትም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ጌታዬ ይህን ቀልድ ለሳምንት ይዞት ይዞር ነበር።

«ቁልፉን ይስጡኝ» አለ። «ዛሬን እኔ ልጫን። ነገ ደግሞ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን።»

«አልሰጥህም።» ቁጣ የለበትም። «ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ነዎት።»

«በል ዞር በል።»

ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። ጋሽ ፈረደ ወጥተው ተቀመጡ። ጌታዬ ከመንገዱ ዞር አለ። ማልጌዛዋን አለፋት፤ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ሄዶ ጠፍጣፋውን ባልዲ አነሳ። ከዚያ እስከ ሞራን ቢሮ ሠላሳ እርምጃ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ከኋላው ሞተሩ ሲነሳ እሰማለሁ ብሎ ጠበቀ። አልተነሳም። ዞሮ ላለማየት አንገቱን እንደ በሽተኛ አድርቆ ተራመደ።

ሞራን ኮምፒውተሯ ላይ ነበረች። ባልዲውን ጠረጴዛዋ ላይ፣ ወረቀቶቿ መሀል አስቀመጠላት።

«አልወደቀም» አለ።

ሞራን ባልዲውን አየች፣ እሱን አየች፣ ስትጽፍ የነበረውን ሳትጨርስ ተነሳች። የማን ማልጌዛ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። መተላለፊያውን ቀድማው ሄደች። ጋሽ ፈረደ ቁልፉ በእጃቸው እንዳለ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ እዚያው ተቀምጠው ነበር።

«ቁልፉን ይስጡኝ» አለቻቸው ሞራን። «እርስዎ… ይውረዱ። እባክዎ።»

ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጋሽ ፈረደ ፊታቸው ሲለዋወጥ ጌታዬ አየ፤ ቁልፉን ከመስጠት ይልቅ «እርስዎ» መባሉ የበለጠ የመታቸው መሰለው። ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖሩት። ሐኪም እስኪያያቸው ድረስ ክዳን የሚገጠምበት ማሽን ጋ ቁጭ ብለው ጠማማውን ክዳን እየለዩ እንዲውሉ ተነገራቸው። ጠማማውን ለዩ። ጌታዬ የጭነት መኪናውን ሞላ፤ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር አንገቱን አዞረ፤ በዞረ ቁጥር ደግሞ የሚያየው ጋሽ ፈረደን ነበር።

ወደ ቤት የሚወስደው አውቶቡስ ላይ ጋሽ ፈረደ የተለመደ ቦታቸው፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። ጌታዬ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ወንበር ፈለገ። ከማንአለብሽ ጎን ክፍት ነበረ። ማንአለብሽ ቦርሳዋን አንስታ ክፍቱ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ሆነ።

ጌታዬ ጋሽ ፈረደ ጎን ተቀመጠ። ፋብሪካ ውስጥ ሆኖ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ «ለእርስዎ ብዬ ነው» ብሎ የሚጀምር። አውቶቡሱ ከኢንዱስትሪ ቀጠናው ወጣ። ንግግሩ አልወጣም። ካርሜ ጋት የሚባለው አዲስ ሰፈር ላይ ሁለት ሰዎች ወረዱ፣ በሩ ተዘጋ። የአዳዲሶቹ ፎቆች ጥላ በጋሽ ፈረደ ፊት ላይ አንድ በአንድ ያልፋል።

«ያ ሮቢንሰንህ» አሉ ጋሽ ፈረደ፣ ከመስኮቱ ሳይዞሩ።

ጌታዬ ወደ እሳቸው ዞረ። ሮቢንሰን የእርስዎ ነው ለማለት ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ከፊት ወንበር የማንአለብሽ ራስ ትንሽ ዘንበል ሲል አየ፤ እየሰማች ነው።

«አቤት» አለ።

«ምን ዋጋ አለው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ሰው ሁሉ ፈጣን ነው።»

ጌታዬ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሃግለሩን አሰበ፤ ራሰ በራውን፣ ንቅንቅ የማይለውን። ግራ እጁን ጉልበቱ ላይ ጨበጠ።

«በቀለም ቢሆንማ» አለ፣ «ዓይንዎ አይችለውም ነበር።»